ሽቅብ የሄደው ስንት ነው?

(ሁለቱ ተናጋሪዎች የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን የሰሜን ሸዋ እውነት ነው። እሷ በሕዝብ ገንዘብ የተቋቋሙ የግብርና ፈጠራ ትስስሮችን ልትገመግም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ደብረ ብርሃን የገባች ባለሙያ ናት። እሳቸው አንኮበር ተወልደው ዕድሜያቸውን በበግና በእርሻ ምርምር የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። በየጊዜው የሚዘጋው የገጠር መንገድ እስኪከፈት ሁለት ቀን ጠብቃለች። ከሰሉ ተያይዟል፤ ውጭው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው።)

ገምጋሚዋ፦ ጋሼ፣ ቡናው እስኪደርስ ይችን ቅጽ ቢያዩልኝ። መንገዱ ነገ ከተከፈተ ይዣት የምሄደው እሷን ነው።

ጡረተኛው፦ መነጽሬን አቀብዪኝ እስቲ። «የተካሄዱ ስብሰባዎች ብዛት፤ የተሳተፉ ባለድርሻ አካላት፤ የሠለጠኑ አርሶ አደሮች፣ ከዚያ ውስጥ ሴቶች በመቶኛ፤ የተዋወቁ ቴክኖሎጂዎች፤ የተከበሩ የመስክ ቀኖች፤ ሥራ ላይ የዋለ በጀት።» ኧረ እኔና ይህ ቅጽ የድሮ ወዳጆች ነን! ስንት ዓመት ሞልቼዋለሁ። ባዶ የቀረ ሳጥን ግን አይቼበት አላውቅም።

ገምጋሚዋ፦ መሙላቱ ምን ክፋት አለው?

ጡረተኛው፦ እህሉ በዛም አነሰም ሁልጊዜ ጢም ብሎ የሚሞላ ቁና ካየሽ፣ ቁናውን ገልብጠሽ ቂጡን ማየት ነው። እስቲ የአገሬን ወፍጮ ልንገርሽና በዚህ ቅጽ ለክተሽ ንገሪኝ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሲገዙ ከባሕር ማዶ ለመጣ ባለ እጅ በራቸው ክፍት ነበር። ያኔ አንኮበር የደረሱ ተጓዦች እንደጻፉት፣ አንድ የውጭ ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ተከለላቸው። ወፍጮው ዞረ፣ ፈጨም። ካህናቱ ግን «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ፤ ብዙ ሳይቆይ ተተወ። ስንት ትሰጪዋለሽ?

ገምጋሚዋ፦ በጀቱ ሥራ ላይ ውሏል፤ ቴክኖሎጂው ተዋውቋል፤ ሰው ተሰብስቦ ካየው የመስክ ቀንም ተከብሯል። ከሞላ ጎደል ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ጡረተኛው፦ በይ እንግዲህ።

ገምጋሚዋ፦ ቆይ ጋሼ፣ በዚህ አይርቱኝም። ዛሬ ወፍጮ ያልገባበት አገር የለም፤ የሰይጣን ነው የሚልም የለም። እኔ ያኔ አንኮበር ሄጄ «ወፍጮ ለዚህ ሕዝብ አይሆንም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ካህናቱ ከተሳሳቱት የባሰ እሳሳት ነበር። ከወደቀ ነገር ሁሉ «አይረባም» የሚል ፍርድ ማውጣትም አንዱ የግምገማ በሽታ ነው።

ጡረተኛው፦ ልክ ብለሻል፤ ወፍጮው ደህና ነበር። የተበጠሰው ትስስሩ ነው። ንጉሡና ባለሙያው ተገናኙ፤ ገንዘቡና ዕውቀቱ ተገናኙ። ሌሊት ተነሥታ ድንጋይ ላይ ጎንበስ የምትለዋን ሴትዮ ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አለ? እኔ ካነበብሁት ውስጥ የንጉሡ ሐሳብ አለ፣ የካህናቱ ቃል አለ፣ የእሷ የለም። ታዲያ አንቺ ልትገመግሚ የመጣሽው ወፍጮውን ነው ትስስሩን?

ገምጋሚዋ፦ ትስስሩን ነው እንጂ። ቅጹ ግን ወፍጮ ነው የሚቆጥረው፤ እሱን አምናለሁ።

ጡረተኛው፦ አሁን ወደ በጉ እንምጣ፤ እዚህ አፍንጫችን ሥር የሆነ ነው። የደብረ ብርሃን የበግ ማባዣና ማሻሻያ ማዕከል የተቋቋመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ብርድና ረሀብ ይችላል እንጂ ሥጋው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ትልልቅ አውራ አምጥቶ ማዳቀል፣ ዲቃላውን ለገበሬ ማከፋፈል። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር መጡ። ግልገሉ ፋፋ። ገበሬው ግን ከኋላ ዞሮ አየና «ላቱስ?» አለ።

ገምጋሚዋ፦ ላት አልነበረውም?

ጡረተኛው፦ ምን ላት አለው! ላት የሌለው በግ ደግሞ ለመንዜ በግ አይደለም። ገበያ ላይ ገዢ መጀመሪያ የሚጨብጠው ላቱን ነው። በዓል ሲደርስ የሚታየው ላት ነው፤ ለክፉ ቀን የተጠራቀመ ስብም ላት ነው። ማዕከሉ ግን በኪሎ ነበር የሚመዝነው። በኪሎ ዲቃላው አሸነፈ፤ ገበያ ላይ ተሸነፈ። በኋላ ላት ያለው አዋሲ ከእስራኤል ሲመጣ ገበሬው ፊቱን መለስ አደረገ። ያም ሲሆን ከበጎቹ ላይ ማኤዲ ቪስና የሚባል፣ ሳንባ የሚጎዳ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ተገኘና ስርጭቱ እንዲቆም ተደረገ። ያን ሁሉ ዘመን በሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው «የተሰራጩ አውራ በጎች ብዛት» ነበር።

ገምጋሚዋ፦ «ላት ይፈለጋል» የሚለው ቃል ከመንዝ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው?

ጡረተኛው፦ ይኸው! እኔ ሳልናገር አንቺ ደረስሽበት። ርቀቱ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። ቃሉ የሚሄድበት መንገድ ግን አልነበረም። ቁልቁል የሚወርድ በግ አለ፣ ሽቅብ የሚወጣ ቃል የለም። ልጄ፣ ውሃ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈስበት ነገር ቦይ ነው የሚባለው። ቦይ ይጠቅማል፤ ግን ትስስር ብለን አንጥራው።

ገምጋሚዋ፦ ይህን ሁሉ ሰምቼ ዝም አልልም፤ ሁለቱንም ወገን አይቶ የተሠራ አንድ ሥራ ያሳዩኝ።

ጡረተኛው፦ ከዚያው ከመንዝ ልስጥሽ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ የቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማዕከላት ሆነው በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ የማኅበረሰብ የበግ እርባታ ጀመሩ። ከውጭ የመጣ አውራ የለም። ጎረቤታሞች በጋቸውን እንደ አንድ መንጋ ይቆጥሩታል። ግልገሉ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፣ ይጻፋል። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ጠቦቶች ይለያሉ። የመጨረሻውን ምርጫ ግን ገበሬዎቹ የመረጡት ኮሚቴ ያደርገዋል፤ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ ላቱን አይተው «ይህ ይቅር፣ ያ ይለፍ» ይላሉ። የተመረጠውን አውራ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ሌላው ይኮላሻል ወይ ይሸጣል።

ገምጋሚዋ፦ ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው፦ ተገላቢጦሽ ነበራ! ቶሎ ያደገው ጠቦት ለበዓል ተሽጦ ገንዘብ ይሆናል፤ እቤት የቀረው ከሲታ ደግሞ አባት ይሆናል። ገበሬው ሳያስበው ትንሹን እየመረጠ ያረባ ነበር። ይህን እኛ ነገርነው፤ ስለ ላቱ ደግሞ እሱ ነገረን። ሁለት ወገን ማለት ይህ ነው።

ገምጋሚዋ፦ ውጤቱስ በቁጥር?

ጡረተኛው፦ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የመንዝንና እንዲህ ያለ እርባታ የተጀመረባቸውን የሌሎች አካባቢዎች የአሥር ዓመት መዝገብ አገላብጦ፣ የስድስት ወር ክብደት በቦንጋ በጎች በዓመት 210 ግራም፣ በሆሮ 180፣ በመንዝ 110 ግራም ገደማ መጨመሩን አሳይቷል።

ገምጋሚዋ፦ መቶ አሥር ግራም! ጋሼ፣ ይህን ይዤ አዲስ አበባ ብገባ የቡና ስኒ ክብደት ልትነግሪን ነው ወይ የመጣሽው ይሉኛል።

ጡረተኛው፦ ይበሉሽ። በአሥር ዓመት ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ደግሞም በጉ በገበሬው ደጅ፣ በገበሬው ገለባ፣ በገበሬው ዝናብ ያደገ ነው እንጂ በማዕከል መኖ የተቀለበ አይደለም። ከሁሉ በላይ ቁጥሩን ተመልሰሽ ማየት ትችያለሽ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ መዝገቡ ላይ አለ። «በእጥፍ አደገ» ከሚል መዝገብ ከሌለው ሪፖርት 110 ግራም ያለው መዝገብ ይሻለኛል።

ገምጋሚዋ፦ እሺ፣ በመዝገቡ አምኛለሁ። እኔን የሚያስቸግረኝ ግን መዝገብ የሌለበት ነው። ባሶና ወራናን ይውሰዱ። በዚያ ወረዳ አፍሪካ ራይዚንግ የሚባለው ፕሮግራም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉዶ በረትና ጎሼ ባዶ ቀበሌዎች ላይ ሠርቷል። ገንዘቡ የአሜሪካ ሕዝብ ገንዘብ ነው፣ በዩኤስኤይድ በኩል የመጣ። መሪው ኢልሪ ነበር። በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የኢኖቬሽን መድረክ አቋቁመው ገበሬውን፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱን፣ ተመራማሪውን፣ ዩኒቨርሲቲውን አንድ ላይ አስቀምጠዋል። አሁን እኔ ሄጄ «ገብስ የሚዘራው ገበሬ ኑሮው ተሻሻለ ወይ?» ብል፣ ምናልባት ተሻሽሏል። ግን በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ሐበሻና ዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ተተክለዋል። ቢራ ጠማቂ የብቅል ገብስ ይፈልጋል። የገበሬው ኑሮ የተለወጠው በመድረኩ ነው ወይስ በቢራው?

ጡረተኛው፦ መድረኩ «በእኔ ነው» ይላል፤ ቢራውም «በእኔ ነው» ይላል። ዝናቡ ብቻ ነው ሪፖርት የማይጽፈው።

ገምጋሚዋ፦ ለዚህ ነው መነሻ ጥናትና ማነጻጸሪያ ቀበሌ የምንለው። መድረኩ ያልደረሰበት፣ ቢራው ግን የደረሰበት ጎረቤት ቀበሌ ካለ፣ የሁለቱ ልዩነት ይነግረናል። አስቀድሞ ካልታሰበበት ግን ከዓመታት በኋላ መጥቶ «ያኔ ስንት ኩንታል ታገኙ ነበር?» ማለት የሰውን ትዝታ መመዘን ነው።

ጡረተኛው፦ እሱን ከአንቺ ተማርሁ። ግን እንደገና ቁልቁል የወረደውን ነው የምትለኪው። እኔ የምጠይቅሽ ሽቅብ የሄደው ስንት ነው የሚለውን ነው።

ገምጋሚዋ፦ እሱም ቢሆን አስመሳይ አለው። «የአርሶ አደሩ ድምፅ ተሰምቷል» የሚል ሳጥን ባስገባ ነገውኑ ይሞላልኛል፤ አንድ ሞዴል አርሶ አደር ማይክ ይሰጠዋል፣ ያመሰግናል፣ ይጨበጨባል። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተለጥፏል።

ጡረተኛው፦ አንበሳውን ግን ያየው የለም! በአንድ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ጎኔ የተቀመጠ ገበሬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ጌታዬ፣ አበሉ ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በውሎ አበል የታሰረ ድር አበሉ ሲቆም ይፈታል።

ገምጋሚዋ፦ ታዲያ እውነተኛውን ከአስመሳዩ በምን ልለይ?

ጡረተኛው፦ መናገሩን አትቁጠሪ፤ ከንግግሩ በኋላ ምን እንደተሰረዘ ቁጠሪ። በገበሬ ቃል የቀረ ሙከራ አለ ወይ? የተለወጠ ዕቅድ፣ የተመለሰ ዝርያ አለ ወይ? ቃለ ጉባኤውን፣ የምርምር ዕቅዱን ዓመት በዓመት አስተያዪው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከታች በመጣ ቃል አንዲት ነገር ያልሰረዘ ትስስር የሚያወራ እንጂ የሚሰማ አይደለም። ማጨብጨብ ነጻ ነው፤ መሰረዝ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ማስመሰሉ ይከብዳል።

ገምጋሚዋ፦ ይህ ደህና መለኪያ ነው። ግን መሰረዝ ብቻ ሳይሆን መማርም ይቆጠር። የእነዋሪን ነገር አንብቤያለሁ።

ጡረተኛው፦ እሱማ ያማረ ታሪክ ነው! እነዋሪ ያለበት የሞረትና ጅሩ መሬት መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ዘሩ ይታፈናል። ሌላው አገር ዝናቡ እስኪያልፍ ይጠብቅና የተረፈችውን እርጥበት ይዘራባታል። የእነዋሪ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሴቱም ልጁም ወጥቶ በእጁ አፈሩን እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብ፣ በመካከሉም የውሃ መውረጃ ያበጃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ሲጀመር፣ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የዛሬው ኢልሪና የአገራችን ተቋማት ተባብረው ያንን መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ፤ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ክንፍ ማድረግ ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40። በሺህ ዓመት ማረሻ ላይ የተቀጠለ ሥራ!

ገምጋሚዋ፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ኢልሪ ራሱ ዞሮ «ያ መሣሪያ የት ደረሰ?» የሚል የግምገማ ጥናት አሳትሟል። እኛ ፕሮጀክቱ በተዘጋ በሦስት ወር ነው የምንገመግመው። ቀለሙ ሳይደርቅ።

ጡረተኛው፦ ሠርገኛው ሳይበተን ትዳሩ እንዴት ነው ብሎ እንደመጠየቅ።

ገምጋሚዋ፦ ግን ጋሼ፣ አሁን እኔም አንድ ልጠይቅዎ። ሁላችሁም የቀድሞ ሰዎች «ገንዘቡ ሲቆም ምን ቀረ?» ትላላችሁ። በ1986 እ.ኤ.አ. የምርምርና ኤክስቴንሽን አገናኝ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1999 አማካሪ ምክር ቤት ተባለ፤ በ2008 የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር አማካሪ ምክር ቤት ሆነ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር «የቀድሞው ዘላቂ አልነበረም» ይባላል። አስፋልቱን ግን «ያለ በጀት ራስህን ችለህ ኑር» የሚለው የለም። ትምህርት ቤቱንም እንደዚያው። ትስስር ብቻ ለምን በሦስት ዓመት ራሱን ይቻል ይባላል? ያ እርስዎ የሚያመሰግኑት የበግ ጥናት እንኳ የሚለው፣ እርባታው እንዲሰፋ የመንግሥትም የግልም ገንዘብ ያስፈልገዋል ነው።

ጡረተኛው፦ (ከሰሉን እያራገቡ) እሱን አላሰብሁትም ነበር። ልክ ነሽ። ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ሥራ ደመወዝተኛ ይፈልጋል።

ገምጋሚዋ፦ ኢጣሊያ ውስጥ የቶስካና ክልል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትናንሽ ኩባንያዎችን ከዩኒቨርሲቲና ከአገልግሎት ማዕከላት ጋር በሕዝብ ገንዘብ ያስተሳስር ነበር። ያንን ያጠኑ ሰዎች የተፈጠረውን ዕቃ ብቻ አልቆጠሩም፤ ማን ከማን ጋር እንደሠራ፣ መካከል ላይ ቆሞ ያገናኘው ማን እንደሆነ ተከታትለዋል። እዚህ መካከል ላይ የሚቆመው ማነው?

ጡረተኛው፦ ልማት ሠራተኛው ነዋ! የቀበሌው ዲኤ። የተመራማሪውንም አነጋገር ያውቃል፣ የገበሬውንም ቅኔ ይፈታል። ገበሬው «እናየዋለን» ሲል እምቢ ማለቱ እንደሆነ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ፤ ማዳበሪያም ያከፋፍላል፣ ስብሰባም ይጠራል። ሰዉን አውቆ ሰዉም አውቆት ሲጨርስ ይዛወራል፤ ያን ዕለት ትስስሩ በሻንጣው ውስጥ አብሮት ይሄዳል። ይህን ጻፊልኝ፤ «በዚህ ቀበሌ መካከለኛው ሰው ስንት ዓመት ቆየ?»

ገምጋሚዋ፦ ጻፍሁ። ስለ ገንዘቡም እንዲህ ልበል፦ ድርጅቱ መቆየቱን ሳይሆን የተማሩት ነገር በሰው እጅ መቅረቱን እጠይቃለሁ። ዩኤስኤይድ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ጉዶ በረት ስደርስ «መድረኩ አለ?» አልልም። «ከብቱ ሲታመም፣ ዘር ሲጠፋ ማን ጋ ትደውላላችሁ? ያንን ስልክ ከየት አገኛችሁት?» እላለሁ።

ጡረተኛው፦ ይህን ከጠየቅሽ መንገዱ መዘጋቱ እንኳ ጠቃሚ ሆነ ማለት ነው። ጎብኚ ሳይመጣ፣ አበል ሳይከፈል ሲደዋወሉ ከከረሙ፣ ትስስር ነበር። ክፉ ፈተና ነው፤ ማንም አይመኘውም፤ ግን ፈተና ነው።

ገምጋሚዋ፦ እንግዲያው ቅጹን ላስተካክል። የስብሰባ ብዛትን ሰርዣለሁ። በእሱ ፋንታ ሦስት ጥያቄ፦ ከታች በመጣ ቃል ምን ተለወጠ ወይ ተሰረዘ? መካከለኛው ሰው ማነው፣ ስንት ዓመትስ ቆየ? ሲቸግራችሁ ማን ጋ ትደውላላችሁ? የበጀቱን ሳጥን ግን አልነካውም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ሒሳቡም ይጠየቃል።

ጡረተኛው፦ አትንኪው። ቡናው ደረሰ፤ ግን አንድ የቀረ አለ። ይህ ሪፖርት ሲያልቅ የት ይሄዳል?

ገምጋሚዋ፦ አዲስ አበባ። ከዚያም ለገንዘብ ሰጪዎቹ።

ጡረተኛው፦ በምን ቋንቋ?

ገምጋሚዋ፦ በእንግሊዝኛ።

ጡረተኛው፦ ጉዶ በረትስ?

ገምጋሚዋ፦ …

ጡረተኛው፦ ቃላቸውን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ፤ የተባለውን ግን እነሱ አይሰሙትም። ከማዕከል በግ ይወርዳል እንጂ ቃል አይወጣም ብዬ ስከስስ ነበር፤ የአንቺ ግምገማ ደግሞ ቃሉን ይዞ ወጥቶ የማይወርድ ሊሆን ነው። ያም ቦይ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ዞሯል።

ገምጋሚዋ፦ (ቅጹን ገልብጣ ባዶው ገጽ ላይ እየጻፈች) ሁለት ገጽ ይበቃል፤ በአማርኛ። ከላክሁ በኋላ ሳይሆን ከመላኬ በፊት አነብላቸዋለሁ፤ «ይህ ልክ አይደለም» ያሉትን እሰርዛለሁ። የቀበሌ አዳራሽ ይሻላል?

ጡረተኛው፦ አዳራሽ ካልሽ አበል ይጠይቁሻል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ይሻላል። ጀምሪ፣ እስቲ የመጀመሪያዋን መስመር አንብቢልኝ።

ገምጋሚዋ፦ «የጉዶ በረት ሰዎች ሆይ፣ ስለ እናንተ ይህን ጽፈናል፤ የተሳሳትነውን ንገሩን።»

ጡረተኛው፦ «ሆይ»ን ሰርዢያት። ስብከት ይመስልብሻል።

(ሰረዘችው።)